የውድድር ዘመኑ ቢያጥር ማኅበሩ አይፈርስም፦ ለአንድ የጤና ቡድን አንጋፋ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

በሐዋሳ፣ ለጤናቸው ሲሉ ስፖርት በሚሠሩት የጤና ቡድኖች አባላት ዘንድ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በከተማችን የእሑድ ጠዋት የእግር ኳስ ሊግ ለረጅም ዘመን የተጫወቱ፣ ኋላም በአስተባባሪነት ያገለገሉ አንጋፋ ሰው ናቸው። ጽሑፋቸው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን የውሳኔ ሐሳብ ይቃወማል። የውሳኔ ሐሳቡ እንዲህ የሚል ነው፦ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ የሚዘልቀው፣ 12 ቡድኖች በሁለት ዙር የሚገናኙበት የአሁኑ አሠራር ቀርቶ በሁለት አጫጭር የውድድር ዘመናት ይተካ፤ አንድ ቡድን በአንደኛው ተመዝግቦ ሌላውን ማለፍ ይችል፤ የተጫዋች ምዝገባና የጨዋታ ቀን ለውጥ ደንቡም ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ኑሮ ያገናዘበ ይሁን። ጸሐፊው ይህንን «ማኅበሩን በገዛ እጃችን ማፍረስ» ብለውታል። ምክንያቶቻቸውን አንድ በአንድ ስለዘረዘሩ እኔም በዚያው ቅደም ተከተል ምላሼን አቀርባለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንዲጠበቅ የሚሹት ነገር እኔም የምሳሳለት ነው። የታመመ አባል የሚጠየቅበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት፣ አርባ ዓመት የተሻገረ ሰው ከደም ግፊትና ከስኳር ሕመም ለመራቅ ላቡን የሚያፈስበት ይህ ስብስብ እንዲዘልቅ ሁለታችንም እንፈልጋለን። የምንለያየው እንዴት ይዘልቃል በሚለው ላይ ነው። እርሳቸው ሰውን የሚያስተሳስረው ረጅም ግዴታ ነው ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሰውን የሚያስተሳስረው ሊፈጽመው የሚችለው ግዴታ ነው እላለሁ፤ ሊፈጽመው የማይችለውን የተሸከመ ሰው ሳይሰናበት ይቀራልና።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የመቀራረብ ጉዳይ ነው። «ዘጠኝ ወር አብሮ የከረመ ቡድን ቤተሰብ ይሆናል፤ ሦስት ወር ብቻ የተገናኘ ግን መንገደኛ ሆኖ ይቀራል» ካሉ በኋላ ሊጉን ከእድር ጋር ያመሳስሉታል። ሰው አብሮ በቆየ ቁጥር እንደሚቀራረብ አልክድም። ሆኖም ዘጠኙን ወር በእርግጥ አብሮ የሚከርመው ማን እንደሆነ ለማወቅ የማንኛውንም ቡድን የአባላት መከታተያ መዝገብ መግለጥ ይበቃል። የእኛን ቡድን መዝገብ የሚይዘው ሰው የመጣውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል፤ የቀረውን ባዶ ይተወዋል። በጥቅምትና በኅዳር ገጾች ላይ ሰማያዊው ምልክት ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ይታያል። ከጥር ወዲህ ያሉት ገጾች ግን መሳሳት ይጀምራሉ፤ መጋቢት ላይ ሲደርሱ ምልክቱ በእነዚያው አሥር ወይም አሥራ አንድ ስሞች ፊት ብቻ ይቀራል። ከእነዚህ ስሞች በታች ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው፤ ነገር ግን ስማቸው አልተሰረዘም፤ መዋጮአቸውም እስከ ታኅሣሥ ተከፍሏል።

እነዚህ ባዶ መስመሮች የግዴለሾች መስመሮች አይደሉም። አንደኛው በሪፈራል ሆስፒታል የሌሊት ተራ የሚገባ ነርስ ነው፤ ተራው በየወሩ ስለሚቀያየር የትኛው እሑድ ነፃ እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም። ሌላው ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚንቀሳቀስበት፣ ለእርሱ ደግሞ የሳምንቱ ደህና ገቢ የሚገኝበት ሰዓት ነው። ሦስተኛው በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ይሠራል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚህች ከተማ በፈረቃ የሚኖረው ሕዝብ ቁጥር እጅግ ጨምሯል፤ የሊጋችን ደንብ ግን ሁሉም ሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ በሚወጣበት ዘመን እንደተጻፈ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የዘጠኝ ወር ግዴታ በጥቅምት በቅን ልብ የሚገቡት፣ በጥር ግን ሊፈጽሙት የማይችሉት ነው። ጸሐፊው ቤተሰብ ሆነ የሚሉት የቀሩትን አሥር ሰዎች ነው፤ ከተመዘገቡት 18 ውስጥ ስምንት ያህሉ ከቤተሰቡ መውጣታቸውን ጽሑፋቸው አያነሣውም።

የእድሩን ንጽጽር በተመለከተ፣ እድር የውድድር ዘመን የለውም፤ የሚሰበሰበውም መከራ ሲመጣ ነው። ለሊግ የሚቀርበው እቁብ ነው። እቁብ ዙር አለው፤ ዙሩ ሲሞላ ይጠናቀቃል፤ አቅሙ የፈቀደ እንደገና ይገባል፣ ያልፈቀደ ያን ዙር ያልፋል፣ በሚቀጥለው ይመለሳል። ዙሩ የተወሰነ በመሆኑ ሰው ሳይፈራ ይገባል፤ በገባበትም ዙር ቃሉን ያከብራል። በእቁብ ዙር መካከል ጥሎ መጥፋት ነውር የሚሆነው፣ ዙሩ ሲያልቅ መውጣት ነውር ስላልሆነ ጭምር ነው። በእኛ ሊግ ግን በክብር የሚወጣበት በር ስለሌለ፣ ሁሉም በጓሮ በር ይወጣል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከሩቅ የመጣ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ፤ በብዙ አንባቢም ላይ ትልቅ ተጽዕኖ ያሳደረው እርሱ ይመስለኛል። ጸሐፊው የአሜሪካን የቦውሊንግ ሊጎች ታሪክ ይጠቅሳሉ። ቦውሊንግ ከባድ ኳስ በእንጨት ወለል ላይ አንከባልሎ በመጨረሻው የቆሙትን አሥር ጠርሙስ መሰል ፒኖች የመጣል ጨዋታ ነው። በአሜሪካ ከተሞች የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበራት አባላትና የሰፈር ሰዎች ቡድን መሥርተው በሳምንት አንድ ምሽት የሚገናኙበት የመዝናኛ ሊግ ለብዙ አሠርት ዓመታት የማኅበራዊ ኑሮአቸው ምሰሶ ነበር። ጸሐፊው «አሜሪካውያን ለምቾታቸው ሲሉ ሳምንታዊውን ሊግ ተዉት፤ የጎረቤት ፍቅራቸውም አብሮ ጠፋ፤ እኛም በአጭር የውድድር ዘመን ስም ያንኑ ልንደግም ነው» ይላሉ።

ሊጎቹ መመናመናቸው እውነት ነው። የጨዋታውን ሕግ ያደራጀው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1895 በኒው ዮርክ፣ የሴቶቹ ማኅበር ደግሞ በ1916 በሴንት ሉዊስ ተመሠረቱ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሁለቱ አባላት ተደምረው ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ማኅበራቱ ወደ አንድ ሲጠቃለሉ ከዚያ ቁጥር የቀረው ጥቂቱ ነበር። ጸሐፊው ያላነሡት ነገር ግን ሊጎቹ መመናመን በጀመሩበት ጊዜ የውድድር ዘመናቸው ምን ያህል እንደነበረ ነው። የተለመደው ሊግ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ወይም ግንቦት፣ ከ30 ሳምንት በላይ ይዘልቅ ነበር፤ ተጫዋቹ በየሳምንቱ በዚያው ምሽት መጥቶ ሦስት ጨዋታ ይጫወታል። ማለትም አባላቱን ያጣው ረጅሙ ሊግ ነው። ረጅሙ ሊግ አባላቱን ሲያጣ የሚያሳይ ታሪክ አጭሩን ለመኮነን እንዴት ማስረጃ እንደሚሆን አልገባኝም።

ከዚህም በላይ፣ ይህንን ጉዳይ በዓለም ደረጃ ያስተዋወቁት የሃርቫርዱ ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ ከ1980 እስከ 1993 ባለው ጊዜ በሊግ የሚጫወቱት ሰዎች በ40 በመቶ ሲቀንሱ፣ በአጠቃላይ ቦውሊንግ የሚጫወቱት ግን በ10 በመቶ ጨምረዋል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሰው ሁለተኛውን ትተውታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ሰው ጨዋታውን እንዳልጠላ፣ ኳሱንም እንዳልተወ፣ የተወው ሊጉን እንደሆነ ያሳያሉ። በእርግጥ ፑትናም ምክንያቱ የውድድር ዘመኑ መርዘም ነው አላሉም፤ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ሥራና ጊዜ ጥበት፣ ስለ ትውልድ ለውጥ ይናገራሉ፤ እኔም ያላሉትን በአፋቸው አላስገባም። ይሁን እንጂ የሥራና የጊዜ ጥበት ያልኩትን ልብ ይሏል። የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ሰዓት ገብቶ በአንድ ሰዓት በሚወጣበት ዘመን የ30 ሳምንት ሊግ የሚቻል ነገር ነበር፤ የሥራው ሰዓት ሲበታተን ግን ሊጉ አብሮ አልተስተካከለም። እኛ ዛሬ በሐዋሳ ያለነው እንዲህ ባለ መታጠፊያ ላይ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የቦውሊንግ ሊጎች ተለዋዋጭነትን የሚያውቁት ከጥንት ጀምሮ ነው። በእነርሱ የሙቀት ወራት፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ ከ10 እስከ 14 ሳምንት የሚቆዩ አጫጭር ሊጎች ማካሄድ የቆየ ልማዳቸው ነው። በረጅሙ ሊግም ቢሆን የሚቀር ተጫዋች በብዙ ሊጎች ጨዋታውን ቀድሞ ተጫውቶ ውጤቱን እንዲያስመዘግብ ይፈቀድለታል። ይህንንም ካላደረገ ቡድኑ በእርሱ ምትክ የተጫዋቹን አማካይ ውጤት፣ ብዙ ጊዜም 10 ነጥብ ተቀንሶለት፣ ያስቆጥራል። ቅጣት አለ፤ ነገር ግን አንድ ሰው በመቅረቱ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

ሦስተኛው ነጥብ የዓመቱን የጊዜ ሰሌዳ ይመለከታል። ጸሐፊው «ከጥቅምት እስከ ሰኔ 38 እሑዶች አሉ፤ የእኛ መርሐ ግብር 22 ሳምንት ብቻ ነው፤ የቀሩት 16 እሑዶች ለበዓል፣ ለጾምና ለዝናብ ከበቂ በላይ ናቸው፤ የተላለፈው ጨዋታ በተስተካካይ ይጫወታል» ሲሉ ጽፈዋል። ሂሳቡ ትክክል ነው። ስሕተቱ ትርፍ እሑዶቹ በሚያስፈልጉበት ቦታ የሚገኙ አስመስሎ ማቅረቡ ላይ ነው።

የሐዋሳን ዓመት በዝርዝር እንየው። ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ነው፤ ያን ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ሆቴል የሚሠራው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ በፀጥታ የሚያገለግለው አባላችን ሁሉ በሥራ ይጠመዳል። ገና ይከተላል፤ ከዚያ ከተራና ጥምቀት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከፋሲካ በፊት ሰባት እሑዶችን ይይዛል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ ስለሚመጣ በአንድ ወር ላይ ተተክሎ አይቀመጥም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ሲገባ ረመዳን የካቲት 22 ገባ፤ የሁለቱም እምነት ተከታዮች የሆኑ አባሎቻችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጾም ያዙ። ውኃ ሳይቀምስ ሊውል ስሑር የበላ ሰው በማለዳ አንድ ሰዓት ሙሉ ሩጥ ማለት ለጤና ተብሎ ከተቋቋመ ቡድን የሚጠበቅ አይደለም።

ፍቼ ጨምበላላንም ማንሣት ይገባል። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሚውልበትን ቀን የጊዜ ቆጠራ አዋቂዎቹ አያንቶዎች ከዋክብትን ተመልክተው በየዓመቱ ይወስኑታል፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውም ይህ የጊዜ አቆጣጠር ዕውቀት ያለበት በዓል ነው። ቀኑ በመስከረም በሚታተም መርሐ ግብር ላይ አስቀድሞ ሊሰፍር አይችልም። ስለዚህ በየዓመቱ ቀኑ ሲነገር ጨዋታ ይሰረዛል፤ የተሰረዘው ወደ ግንቦት ይገፋል። ግንቦት ላይ ደግሞ የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ተስተካካዮች ተከማችተው ይጠብቁታል፤ የበልጉ ዝናብ ሜዳውን አጨቅይቶታል፤ መምህራን የሆኑ አባሎቻችን በፈተና ተወጥረዋል። ከዚያም አንድ ቡድን ቅዳሜና እሑድ በተከታታይ እንዲጫወት ይታዘዛል። ለሃምሳ ዓመት ሰው ጉልበት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሜዳ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለቱ አጫጭር የውድድር ዘመናት ይህንን ዳር ዳሩን ያልፉታል። የመጀመሪያው ከመስቀል ማግስት ተጀምሮ ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት ይጠናቀቃል። 12 ቡድኖች በአንድ ዙር ሲገናኙ 11 ሳምንት ይፈጃል፤ በእነዚህ ወራት መካከል 13 እሑዶች ስላሉ ሁለት መጠባበቂያ ይተርፋል። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል። ቡድኖቹ በሁለት ምድብ ስድስት ስድስት ሆነው ይደለደላሉ፤ የምድብ ጨዋታው አምስት ሳምንት፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ሁለት ሳምንት፣ በድምሩ ሰባት ሳምንት ነው። ፋሲካ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቢዘገይ እንኳ ከሰኔ 30 በፊት ያልቃል። በሁለተኛው የውድድር ዘመን ሜዳው ጭቃ መሆኑ አይቀርም፤ ይህን ችግር የትኛውም መርሐ ግብር አያስወግደውም። ቢሆንም በጭቃ ሰባት ሳምንት መጫወትና በጭቃ ሰባት ሳምንት ላይ የወራት ውዝፍ ጨምሮ መጫወት አንድ አይደለም።

አራተኛው ነጥባቸው ስለ ዋንጫው ነው። በ22 ጨዋታ የተገኘ ዋንጫ የብቃት፣ በ11 ወይም በሰባት የተገኘ ግን የዕድል ነው ይላሉ። ጨዋታ በበዛ ቁጥር የዕድል ድርሻ እንደሚቀንስ እስማማለሁ፤ የሐዋሳ ከተማ ክለብ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ክብሩ የገዘፈው ዓመቱን ሙሉ ታግሎ ስላገኘው ነው። እኛ ግን ፕሪሚየር ሊግ አይደለንም። ጸሐፊው ራሳቸው በጠቀሱት የቦውሊንግ ሊግ ደካማው ተጫዋች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል። ለምሳሌ የሊጉ መነሻ 200፣ የነጥብ ድጎማው ከመነሻው የጎደለው ነጥብ 90 በመቶ ቢሆን፣ አማካዩ 150 የሆነ ሰው በእያንዳንዱ ጨዋታ 45 ነጥብ ይታከልለታል። ይህንን የሚያደርጉት የመዝናኛ ሊግ ዓላማ ምርጡን ለይቶ ማወቅ እንዳልሆነ፣ ደካማውም በመጨረሻው ምሽት ለማሸነፍ ተስፋ አድርጎ እንዲመጣ ማድረግ እንደሆነ ስለተረዱ ነው። በእኛ ሊግ እስከ የካቲት ድረስ ከመሪው በ20 ነጥብ የራቀ ቡድን የቀሩትን ጨዋታዎች በምን ተስፋ ይጫወታቸዋል? ሁለት ዋንጫ ሲኖር በታኅሣሥ የተሸነፈ በሚያዝያ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለ አምስተኛው ነጥባቸው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ብዙ አልልም። «ጨዋታ ሲቀንስ ገቢ ይቀንሳል፤ ሜዳውንም እናጣለን» የሚለው ስጋት በሂሳብ ይፈታል። የአሁኑ ሊግ 132 ጨዋታዎች አሉት፤ አዲሱ በመጀመሪያው 66፣ በሁለተኛው 33፣ በድምሩ 99 ይኖረዋል። ለዳኛ የሚከፈለው በጨዋታ ስለሆነ ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሜዳ ኪራዩም የምንጫወትባቸውን ሳምንታት ብቻ የሚሸፍን ይሆናል፤ መዋጮውም በውድድር ዘመኑ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ቢሰበሰብ ዛሬ ከጥር በኋላ የሚቋረጠውን ክፍያ ከመለመን ያድነናል።

ስድስተኛው ነጥብ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ሲሆን ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የጠነከሩበት ነው። «ዛሬ ቀኑን ያስቀየረ ነገ ሰዓቱን ያስቀይራል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማንም በፈለገው ጊዜ የሚመጣበት ሜዳ ይሆናል» ሲሉ ያስጠነቅቃሉ። እኔም የምፈራው መላሸቅን ነው፤ መላሸቁ ግን አሁን ባለው ጥብቅ ደንብ ሥር ገብቶ ተቀምጧል።

በመጋቢት አንድ እሑድ ማለዳ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው የሚያየው ይህንን ነው። አንደኛው ቡድን ማሊያውን ለብሶ፣ አካሉን አሙቆ ጨርሶ በመስመሩ ዳር ቆሟል። በሌላው ወገን ስድስት ሰዎች አሉ። አምበሉ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከጎል ጀርባ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አንዱ «አልጋ ላይ ነኝ፣ ከሌሊት ተራ ነው የወጣሁት» ይለዋል፣ ሌላው አያነሣም፣ ሦስተኛው «አሞራ ገደል ጋ ነኝ፣ ደረስኩ» ብሎ አይደርስም። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ደንቡ የሚፈቅደው የመጠበቂያ ጊዜ ሲያልቅ ፊሽካ ይነፋል፤ ሦስት ለዜሮ በፎርፌ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ የተሟላው ቡድን አባላት ማሊያቸውን አውልቀው በየአቅጣጫው ይበተናሉ፤ ስድስቱም እርስ በርስ ሳይተያዩ ይሄዳሉ። አብረው ቁርስ የሚበሉበት ሰዓት የለም፤ የታመመውን ማን እንደሚጠይቅ የሚነጋገሩበት ሰዓት የለም። ማኅበሩ ያን ቀን አልተገናኘም። በሠንጠረዡ ላይ ግን ጨዋታው ተካሂዷል።

በውሳኔ ሐሳቡ የቀረበው ልል ደንብ ለዚህች ማለዳ የተዘጋጀ ነው። አንድ ቡድን ከ18 ይልቅ 25 ተጫዋቾች ማስመዝገብ ይችላል፤ ስለዚህ በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱን ቦታ ተፈራርቀው ይሸፍኑታል። አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአምስት ቀን በፊት አሳውቆ፣ ተጋጣሚው ከተስማማ፣ ጨዋታውን ወደ ሳምንቱ መካከል ማለዳ ሊያዛውር ይችላል። ሰው የጎደለበት ቡድን ሰባት ሰው ካለው ሁለቱም ወገኖች በሰባት ሰባት ይጫወታሉ፤ የጎደለበት ቡድን ቢያሸንፍ ከሦስት ነጥብ ይልቅ ሁለት ያገኛል። ሰባት ያልሞላለት በፎርፌ ይሸነፋል፤ ያ አልተነካም። እነዚህ ሁሉ ወሰን ያላቸው፣ ዋጋም የሚያስከፍሉ ፈቃዶች ናቸው። ጸሐፊው ማንም በፈለገው ጊዜ ይመጣል ያሉትን ከየትኛው አንቀጽ እንዳነበቡት ቢያመለክቱን መልካም ነበር።

የመጨረሻው ስጋታቸው የእረፍቱ ጊዜ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ፋሲካ ያለው ክፍተት ሰው የሚበተንበት፣ ሆድም የሚመጣበት ጊዜ ይሆናል ይላሉ። ይህን ስጋት ከሌሎቹ ሁሉ አከብደዋለሁ፤ ሦስት ወር ከእንቅስቃሴ የራቀ ሰው ወደ ሜዳ መመለስ እንደሚከብደው አውቃለሁና። ነገር ግን ሊግና ቡድን አንድ ነገር አይደሉም። የጤና ቡድኖቻችን ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ የሚሠሩት ልምምድ ሊግ ኖረ አልኖረ ይቀጥላል፤ በታቦር ተራራ ግርጌ የሚሮጡትም ሆነ በሐይቁ ዳርቻ የእግር ጉዞ የሚያደርጉት በነጥብ ሠንጠረዥ ታዝዘው አይደለም። በእረፍቱ ወራት ነጥብ የሌለው የወዳጅነት ጨዋታ ማካሄድ ይቻላል፤ ጾመኛው ከሰዓት በኋላ ሊጫወት፣ የሁለት ቡድን ሰዎች ሊቀላቀሉ፣ ልጆቻችንም ሊገቡበት ይችላሉ። ከዚህ በፊት በሊጉ ጫና ምክንያት ያልተቻለው ይህ ነበር።

እንዲያም ሆኖ በዚህ ነጥብ ላይ የውሳኔ ሐሳቡ ጉድለት አለበት፤ ስለ እረፍቱ ጊዜ አንድም አንቀጽ አልያዘም። ስለዚህ በጉባኤው ላይ ሁለት ማሻሻያዎች እንዲታከሉ እጠይቃለሁ፤ ጸሐፊውም ቢደግፏቸው ደስ ይለኛል። አንደኛው፣ በእረፍቱ ወራት እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ የወዳጅነት ጨዋታ እንዲያዘጋጅና የታመሙ አባላትን የሚጠይቀው ኮሚቴ ሥራው በእረፍት እንዳይቋረጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ነው። ሁለተኛው፣ አዲሱ አሠራር ለሁለት ዓመት ብቻ እንዲጸድቅ፣ በዚያም ጊዜ የ12ቱም ቡድኖች የመከታተያ መዝገብ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲያዝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ካለፉት መዝገቦች ጋር ተነጻጽሮ ለጉባኤው እንዲቀርብ የሚል ነው። ቅጹን የማዘጋጀቱንና የማነጻጸሩን ሥራ ጸሐፊው ቢመሩት፣ ከእርሳቸው የተሻለ የሊጉን የቀድሞ ዓመታት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ እኔ በበኩሌ የቡድናችንን መዝገብ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።